ጥያቄና መልስ፦ በአፈሙዝ የሚጎርሰው ጠመንጃዬ ለምን ይስትብኛል?

ነሐሴ ሲገባ የዚህ ዓምድ የደብዳቤ ሳጥን ባሩድ ባሩድ መሽተት ይጀምራል። አሜሪካ ያላችሁ አደን የለመዳችሁ ሰዎች በአፈሙዝ ለሚጎርስ ጠመንጃ ብቻ የሚከፈተውን ሲዝን እየጠበቃችሁ ነው መሰለኝ ጥያቄው ሁሉ እሱ ላይ ሆኗል። እውነትም ደስ የሚል ሲዝን ነው፣ ጫካው ውስጥ ሰው ያንሳል፣ ግን ያለችህ አንድ ጥይት ናት፣ እሷ ከሳተች ሌላ እስክታጎርስ አጋዘኑ ሌላ ካውንቲ ገብቷል። ስለዚ የዛሬውን ዓምድ ሙሉውን ለዚሁ ሰጥቼዋለሁ፣ የዓሣ ማጥመድ ጥያቄ የላካችሁ አትቀየሙኝ፣ በሚቀጥለው ወር እመጣባችኋለሁ።

ጥያቄ (ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

ጋሼ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ካሊበር 50 (የበርሜሉ ቀዳዳ ግማሽ ኢንች) የሆነ ኢንላይን ጠመንጃ (እሳቱ ከበርሜሉ ጀርባ በቀጥታ የሚገባበት ዘመናዊ ዓይነት) ከነስኮፑ፣ ከነማነጣጠሪያ መነጽሩ ማለቴ ነው፣ ገዝቻለሁ፣ ኖቬምበር ላይ ለሚከፈተው የመጀመሪያው የማዝልሎደር (በአፈሙዝ የሚጎርስ ጠመንጃ) ሲዝን ነው ያሰብኩት። ችግሩ ራንጅ (የተኩስ መለማመጃ) ሄጄ 100 ያርድ (90 ሜትር ገደማ) ላይ ስተኩስ የመጀመሪያዋ አንድ ቦታ ትመታለች፣ ሁለተኛዋ ሌላ ቦታ፣ ሦስተኛዋና አራተኛዋማ ወረቀቱን የሚነኩት በዕድል ነው። ጥይቱን ወደታች ስገፋው ደግሞ በየተኩሱ እየጠበቀ ይመጣል፣ መጨረሻ ላይ በመዶሻ ልመታው ምንም አልቀረኝም። የምጠቀመው ባለ 50 ግሬን (የባሩድና የጥይት መለኪያ) ሁለት ፔሌት (ተጠቅጥቆ የተጋገረ ባሩድ) እና 250 ግሬን ጥይት ከነሳቦቱ (ጥይቱን የሚያቅፈው የፕላስቲክ ቅርፊት) ነው። ጓደኞቼ ስኮፑ ርካሽ ስለሆነ ነው ቀይረው ይላሉ፣ ባለቤቴ ደግሞ ጠመንጃውን ራሱን ሱቅ መልሰው ትላለች። ማንን ልስማ?

መልስ

ሁለቱንም አትስማ ወንድሜ፣ ገንዘብህን ያዝ። ጥይቱ በየተኩሱ እየጠበቀ ይመጣል ብለህ ራስህ ጽፈሃል፣ መልሱ እዛው ላይ ነው ያለው። በርሜልህ ውስጥ ጥቀርሻ እየተጠራቀመ ነው፣ ጥቀርሻው በጨመረ ቁጥር ሳቦቱ የሚያልፍበት መንገድ ይጠብባል፣ አንተም አንዴ በቀላሉ አንዴ በጉልበት ትገፋለህ፣ አንዴ ባሩዱ ላይ ልክ ይቀመጣል አንዴ ትንሽ ቀደም ብሎ ይቀራል፣ ታዲያ እያንዳንዷ ተኩስ ከሌላ ጠመንጃ የወጣች ያህል ብትለያይ ምን ይገርማል።

ሌላው ጠመንጃ ላይ እኮ ጥይቱን የሚያዘጋጅልህ ፋብሪካ ነው፣ ባሩዱ ተመዝኖ ጥይቱ ቀለሃው ላይ ተተክሎ ሺውም አንድ ዓይነት ሆኖ በሳጥን ይመጣልሃል። እዚህ ግን ፋብሪካው አንተ ነህ፣ ያውም ቆመህ፣ ብርድ ላይ፣ እጅህ እየተንቀጠቀጠ። ስለዚ ጥሩ ተኳሽ ከመሆንህ በፊት ጥሩ አጉራሽ መሆን አለብህ። እኔ እስከማየው ድረስ እዚህ ጠመንጃ ላይ ለሚስት ሰው አብዛኛው ጥፋት ያለው አጎራረሱ ላይ ነው፣ ዓይኑ ላይ አይደለም።

እንግዲህ እንዲህ አድርግ። ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ አንድ የጥጥ ፓች (ቁራጭ ጨርቅ) በትንሹ አርጥበህ (ምራቅም ይሆናል፣ ውሃና አልኮል የተቀላቀለበትም ይሆናል) ወደታች አውርደህ አውጣ፣ ገልብጠህ ድገም፣ ከዛ በደረቅ ፓች አድርቅ። እርጥብ ስልህ ነጠብጣብ የሚንጠባጠብበት ማለቴ አይደለም፣ ውሃው ወርዶ ብሪች ፕላጉ (የበርሜሉን ጀርባ የሚዘጋው ብሎን) ውስጥ ከገባ ቀጣዩ ተኩስ አይነሳልህም። ዘንጉንም አንዴ ከላይ እስከ ታች አትንዳው፣ አጠር አጠር እያደረክ ወጣ ገባ አድርገው፣ አለበለዚያ ጥቀርሻውን ሁሉ ሰብስበህ ታች የእሳቱ ቀዳዳ ላይ ነው የምትከምረው። የምትጠቀመው ትሪፕል ሰቨን የሚባለውን ባሩድ ከሆነ፣ ባሩዱ የነበረበት ቦታ ትንሽ ከፍ ብሎ ጠንካራ ቀለበት የሚመስል ጥቀርሻ ይሠራል፣ ጥይቱ መጨረሻ ላይ የሚያስቸግርህ እሱ ጋ ሲደርስ ነው፣ ሳይጠረግ የሚሄድ ነገር አይደለም።

የመጀመሪያዋ ጥይት ከሌሎቹ የምትለየው ለምንድነው ላልከው፣ በርሜሉ ውስጥ ዘይት ስላለና ገና ንጹህ ስለሆነ ነው። እንጀራ ጋግሮ የሚያውቅ ሰው ይሄ አይጠፋውም፣ የመጀመሪያዋ እንጀራ ማሟሻ ናት፣ ማንም እሷን አይቶ ባለሙያዋን አይፈርድባትም። ጠመንጃውንም አሟሸው። ከማጉረስህ በፊት ዘይቱን በደረቅ ፓች አውጣ፣ ከዛ ባሩድም ጥይትም ሳታስገባ አፈሙዙን ወደ ኢላማው አቅጣጫ ይዘህ አንድ ሁለት ፕራይመር (ባሩዱን የሚያቀጣጥለው ትንሽ ካፕሱል) ብቻ ተኩስ። ሁለተኛው ፕራይመር ላይ ዘንጉን ከነፓቹ ታች አድርሰህ አስቀምጠው፣ ፓቹ ላይ የተቃጠለ ምልክት ካየህ የእሳቱ መንገድ ክፍት ነው ማለት ነው። ዘንጉን ማውጣት አትርሳ ታዲያ!

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘነጋው አንድ ነገር አለ። ጫካ ውስጥ የምትተኩሰው ያቺኑ አንዷን፣ ከቀዝቃዛ በርሜል የምትወጣዋን ነው። ራንጅ ላይ በተከታታይ የተኮስካቸው ሦስት ጥይቶች ተቀራርበው ቢመቱ ደስ ይላል ግን አጋዘኑ ሦስተኛዋን ቆሞ አይጠብቅህም። ስለዚ ስኮፑን የምታስተካክለው ቀዝቃዛዋ ጥይት በምትመታበት ቦታ መሆን አለበት። ከተኮስክ በኋላ ጥረግ፣ በርሜሉ በእጅህ ስትነካው እስኪቀዘቅዝ ተቀመጥ፣ ሻይህን ጠጣ፣ ከዛ ሌላዋን። በጋለ በርሜል ላይ የሳቦቱ ፕላስቲክ ይለሰልሳል፣ የለሰለሰ ሳቦት ደግሞ ጥይቱን በወጉ አያሽከረክረውም። ሙሉ ቀን ውሎ ጥቂት ጥይት መተኮስ አሰልቺ ነው አውቃለሁ፣ ግን ሃያ ጥይት አከታትሎ አጭሶ ከመመለስ ይሻላል።

መጎስጎሻ ዘንግህ ላይ ምልክት አድርግ። በርሜሉ ባዶ ሲሆን ዘንጉ አፈሙዙ ጋ የሚደርስበትን አንድ መስመር፣ በትክክል ሲጎርስ የሚደርስበትን ሌላ መስመር፣ በማይለቅ ማርከር ወይም በቴፕ። ይሄ ለትክክለኛነት ብቻ አይደለም። ጥይቱ ባሩዱ ላይ ካልተቀመጠና መሃል ላይ ክፍተት ካለ በርሜሉ ሊያብጥ ወይም ሊፈነዳ ይችላል፣ ወሬ ላይ ሆነህ ሁለቴ ብታጎርስም ዘንጉ ከመስመሩ በላይ ቆሞ ይነግርሃል። አገፋፍህም ሁሌ አንድ ዓይነት ይሁን፣ ጠበቅ አድርገህ አሳርፈው፣ ግን በዘንጉ አትውቀጠው፣ ፔሌት ይሰባበራል።

ስለ ፔሌት ካነሳን አይቀር እኔ ብትጠይቀኝ ልል ባሩድ (ያልተጋገረውን) እመርጥልሃለሁ። ፔሌቱ ይመቻል፣ አልክድም፣ ግን ባንተው ባለ 50 ፔሌት 100 ግሬን ካልተስማማህ ያለህ ምርጫ 50 ወይም 150 ነው። በልሉ ባሩድ ግን 80 ላይ ትጀምራለህ፣ 85፣ 90 እያልክ የጠመንጃው ማኑዋል ከሚፈቅደው ሳታልፍ ትወጣለህ፣ የሆነ ቦታ ላይ ጥይቶቹ ሰብሰብ ይላሉ፣ እዛው ቁም። 150 ግሬን አስገብቶ ትከሻን ማስደብደብ ፋሽን ነበር አንድ ሰሞን፣ ለ100 ያርድ አጋዘን ግን ምንም አያስፈልግህም። አለካኩ በይዘት ነው፣ በመስፈሪያው፣ በሚዛን አይደለም። ትሪፕል ሰቨን ከጥቁር ባሩድ ስለሚበረታ ተመሳሳይ ፍጥነት ለማግኘት በይዘት 15 በመቶ ይቀነሳል። ብላክሆርን 209 የሚባለው ባሩድ ደግሞ 209 በሚባለው የፕራይመር ዓይነት ካልሆነ በደንብ አይነሳም። የተራ ጠመንጃ ጢስ አልባ ባሩድ ግን ለሱ ተብሎ ባልተሠራ በአፈሙዝ በሚጎርስ ጠመንጃ ውስጥ በፍጹም፣ በፍጹም አይገባም፣ ትንሽ ብቻ ነው፣ ተቀላቅሎ ነው ምናምን የሚል ሰው ካለ ከአጠገቡ ራቅ፣ በርሜሉን እንደ ቦምብ ነው የሚበትነው፣ ጣትና ዓይን ያጡ ሰዎች አሉ።

ስኮፑን በተመለከተ፣ ከመቀየርህ በፊት ብሎኖቹን እያቸው፣ እነዚህ ጠመንጃዎች ይራገጣሉ፣ ብሎን ይላላል። ከዛ በቀጥታ 100 ያርድ ላይ አትጀምር፣ 25 ላይ ጀምር፣ ከዛ 50፣ ከዛ 100። አንድ ክሊክ 100 ያርድ ላይ ሩብ ኢንች የሚያንቀሳቅስ ስኮፕ 25 ያርድ ላይ አንድ ኢንች ለማንቀሳቀስ 16 ክሊክ ይፈልጋል፣ ይሄን ሳያውቁ ስኮፑ አይሠራም የሚሉ ብዙ ናቸው። በእያንዳንዷ ጥይት አትነካካው፣ ሦስት ተኩሰህ የሦስቱን መሃል ነው የምታየው። አንድ ነገር ብቻ ቀይር በአንድ ጊዜ፣ ባሩዱንም ጥይቱንም ፕራይመሩንም ባንዴ ከቀየርክ የትኛው እንደሠራ እንዴት ታውቃለህ? የቀየርከውን ደብተር ላይ ጻፍ።

ጥይቷ 100 ያርድ ላይ ልክ እንድትመታ ካስተካከልክ ያንተዋ ዓይነት 250 ግሬን 150 ያርድ ላይ ከ4 እስከ 6 ኢንች ገደማ ትወርዳለች፣ 200 ላይ ከአንድ ጫማ በላይ ልትወርድ ትችላለች። ሳጥኑ ላይ 250 ያርድ ምናምን እያለ የሚጽፈውን ለሱቁ ተውለት።

ጥያቄ (ከኦሮራ፣ ኮሎራዶ)

ወንድሜ፣ ዕድሜዬ ወደ ስልሳ ተጠግቷል። ዘንድሮ የኤልክ (ትልቁ የአጋዘን ዘር) የማዝልሎደር አደን ፈቃድ ዕጣ ወጥቶልኛል። አብረን የምንሠራ ሰውዬ ስኮፕ አይፈቀድም ሳቦትም አይፈቀድም አለኝ፣ የኔ ጠመንጃ ደግሞ ስኮፕ አለው። ያለ ስኮፕ ሳይ የኋላው ማነጣጠሪያ ብዥ ይልብኛል። እስከ ስንት ያርድ ብተኩስ ይሻለኛል? ወይስ ዕጣውን ልመልሰው?

መልስ

ኧረ አይመልሱት ጋሼ! የኤልክ ዕጣ ወጥቶልዎት? ሰው ስንት ዓመት ይጠብቃል።

ሰውዬው የነገሩዎት ልክ ነው። በኮሎራዶ የማዝልሎደር ሲዝን ስኮፕ አይፈቀድም፣ ሳቦት አይፈቀድም፣ ፔሌት የሆነ ባሩድም አይፈቀድም፣ ልል ባሩድ ብቻ ነው፣ ጢስ አልባውም ክልክል ነው። ለኤልክ ጠመንጃው ቢያንስ ካሊበር 50 መሆን አለበት። ደማቅ ብርቱካንማ ወይም ሮዝ ልብስ ቢያንስ 500 ስኩዌር ኢንች፣ ከላይም ኮፍያ። ደንቡን የሚያወጣው ኮሎራዶ ፓርክስ ኤንድ ዋይልድላይፍ ብሮሹሩን በየዓመቱ ስለሚያሳትም የዘንድሮውን አንድ ጊዜ ያንብቡት፣ በዕድሜ የገፋ ሰው አሮጌ ብሮሹር ይወዳል (አይቀየሙኝ፣ እኔም እዛው ነኝ)።

አሁን ወደ ዓይንዎ። ከሃምሳ በኋላ ዓይን የኋላውን፣ የፊቱንና ኢላማውን ሦስቱንም አጥርቶ ማየት አይችልም፣ ማንም አይችልም። መፍትሔው ቀዳዳ ያለው የኋላ ማነጣጠሪያ ነው፣ ፒፕ ሳይት የሚሉት። ቀዳዳውን አያዩትም፣ በውስጡ ነው የሚያዩት፣ ዓይን በራሱ መሃሉን ይፈልጋል፣ እርስዎ የፊቷን ነጥብ ብቻ አጥርተው ማየት ነው። ኢላማው ትንሽ ብዥ ቢል ግድ የለም፣ የፊቷ ነጥብ ግን ጥርት ማለት አለባት። ፋይበር ኦፕቲክ (ብርሃን ሰብሳቢ) የሆነችም ትፈቀዳለች፣ ንጋት ላይ ትጠቅማለች። ሲያስተካክሉ የኋላውን ማነጣጠሪያ ጥይቱ እንዲሄድበት ወደሚፈልጉት አቅጣጫ ነው የሚገፉት፣ ጥይቱ ወደ ግራ ከመታ የኋላውን ወደ ቀኝ። የፊቱን ከነኩ ግን ተቃራኒው ነው፣ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይምታታበታል።

ጥይቱ ሳቦት የሌለው ሙሉ እርሳስ ይሆናል፣ ኮኒካል የሚሉት፣ የተቀባ። አብዛኞቹ ኢንላይኖች ውስጡ ያለው ቦይ በ28 ኢንች አንድ ዙር የሚዞር በርሜል ስላላቸው ረዘም ያለውን ኮኒካል በደንብ ይተኩሳሉ። ብዙ ሰው በባሩዱና በጥይቱ መሃል የተቀባ የሱፍ ክብ ያስገባል፣ ይሄ የጥይቱን ቂጥ ከእሳቱ ስለሚጠብቀው አንዳንድ ጠመንጃ ላይ ጥይቶቹን በጣም ይሰበስባል፣ ይሞክሩት። አንድ የሚያሰጋ ነገር ግን አለ፣ ኮኒካል እንደ ሳቦት በርሜሉን አጥብቆ አይዝም፣ ተራራ ሲወጡ ሲወርዱ አፈሙዙ ወደታች ከዞረ ቀስ እያለ ከባሩዱ ሊላቀቅ ይችላል። ስለዚህ ለአሌክሳንድሪያው ልጅ የነገርኩትን የዘንግ ምልክት እርስዎም ያድርጉና በየእረፍቱ ዘንጉን አውርደው ይዩት። ቼክ ሲያደርጉ ፕራይመሩ ወጥቶ፣ ፊትዎ ከአፈሙዙ ዞር ብሎ።

እስከ ስንት ያርድ? ይሄን እኔ ልነግርዎት አልችልም፣ ሳህን ይነግርዎታል። የእራት ሳህን የሚያክል የወረቀት ሳህን 50 ያርድ ላይ ይስቀሉና በጠረጴዛ ሳይሆን ተቀምጠው፣ ተንበርክከው፣ በመደገፊያ ዱላ ይተኩሱ። ሁሉም ሳህኑ ውስጥ ከገቡ ወደ 75 ይሂዱ፣ ከዛ ወደ 100። አንዷ ስትወጣ ያ ርቀት የእርስዎ አይደለም፣ ከሱ በፊት ያለው ነው። 75 ከሆነ 75 ነው፣ የሚያሳፍር ነገር የለውም። ከባድ ኮኒካል 100 ያርድ ላይ ተስተካክሎ 150 ላይ እንደ ጥይቱና እንደ ባሩዱ ቢለያይም ከ8 እስከ 10 ኢንች ይወርዳል፣ ያ ማለት ርቀቱን በዓይን በ50 ያርድ ካሳሳቱ እንስሳውን አቁስለው መልቀቅ ነው። ሬንጅፋይንደር (ርቀት መለኪያ) ይግዙ፣ ርካሹም ይበቃል። ቁልቁል ወይም ሽቅብ በጣም ሲተኩሱ ጥይቱ ከሚያስቡት ከፍ ብሎ ይመታል፣ በአጭር ርቀት ግን ብዙም አያስጨንቅ።

ደግሞ ወቅቱ ያግዝዎታል። ሲዝኑ የሚውለው ሴፕቴምበር መሃል፣ ብዙ ጊዜ ከእንቁጣጣሽ ጋር ተያይዞ ነው፣ ኤልኩ የሚጋባበት ጊዜ ስለሆነ ወንዱ ይጮሃል፣ ሲጠሩትም ይመጣል። 100 ያርድ ላይ ከመተኮስ 40 ያርድ ላይ እስኪመጣ መጠበቅ የሚቻልበት ጊዜ ነው። ጎኑን ሲሰጥዎት ከፊት እግሩ ትከሻ ጀርባ፣ ከታች ከሰውነቱ ቁመት ሲሶው ላይ ያነጣጥሩ፣ ፊት ለፊት ከቆመ ይተዉት። ከተኮሱ በኋላ ጢሱ ምንም አያሳይዎትም፣ አንድ እርምጃ ወደ ጎን ብለው ይመልከቱ፣ የቆመበትን ዛፍ ወይም ድንጋይ ያስታውሱ፣ መጀመሪያ ያጉርሱ፣ ከዛ ግማሽ ሰዓት ይቀመጡ።

ጥያቄ (ከጎንደር)

አያቴ ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ባሩዱ በአፉ የሚገባ የጥንት ጠመንጃ አለ። ብወለውለው ይተኩሳል?

መልስ

አትንካው የኔ ልጅ። የነዚህ ጠመንጃዎች በርሜል ከውስጥ በዝገት ተበልቶ ከውጭ ደህና ሊመስል ይችላል። ከሁሉ በላይ ደግሞ እንዲህ ያሉ ጥንታዊ ጠመንጃዎች እንደጎረሱ የሚቀመጡበት ጊዜ ብዙ ነው፣ ደረቅ ባሩድ ስንት ዓመት ቆይቶም ይነሳል። ፊትህን አርቀህ ቀጭን እንጨት በአፈሙዙ አስገባና የገባውን ያህል ከውጭ በርሜሉ ላይ ለካው፣ እንጨቱ ታች ሳይደርስ ከቆመ የሆነ ነገር አለበት፣ ጠመንጃ የሚያውቅ ሰው ጥራ። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ሥር የቴዎድሮስ ወታደሮች የያዙት አብዛኛው እንዲህ በአፉ የሚጎርስ ነበር፣ እንግሊዞቹ ደግሞ በኋላ በኩል የሚጎርስ ስናይደር ይዘው መጡ፣ አንዱ ባሩድ ሲጎሰጉስ ሌላው ደጋግሞ ይተኩሳል። የናንተው ጠመንጃ ከዛ ዘመን ከሆነ ቅርስ ነው፣ ታሪኩን አያትህን ጠይቀህ ጻፈው፣ ተኩሱን ተወው።

ጥያቄ (ከፊላደልፊያ)

ጋሼ እኔ ፔንሲልቬንያ ውስጥ ከፈረንጅ ገና በኋላ ለሚከፈተው ሲዝን ብዬ ፍሊንትሎክ (በባልጩት እሳት የሚነሳ ጠመንጃ) ገዛሁ። ቃታውን ስስብ መጀመሪያ ፊቴ ላይ ቦግ ይላል፣ ከዛ ነው ጥይቱ የሚወጣው፣ እኔ በዛ መሃል እደነግጣለሁ። አንዳንዴ ቦግ ይልና ጭራሽ አይተኩስም። እንዴት ነው በዚህ ሰው የሚያድነው?

መልስ

አድነውበታል፣ ያውም ለሁለት መቶ ዓመት ያህል። ፔንሲልቬንያ ይህን ሲዝን ለባልጩት ጠመንጃ ብቻ አድርጋ የያዘችው ሆን ብላ ነው፣ እልኸኛ ሰው ነው የሚወደው፣ አንተም ደብዳቤህን ሳየው እልኸኛ ትመስላለህ።

ቦግ ብሎ አለመተኮሱ መጀመሪያ። በበርሜሉ ጎን ያለችውን የእሳት ቀዳዳ ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ በቀጭን ሽቦ ጥረጋት። ሳህኗ (ከቀዳዳዋ አጠገብ ያለችው የማቀጣጠያ ባሩድ ማስቀመጫ) ላይ የምታደርገው ባሩድ ደቃቁ ይሁን፣ ባለ 4 ኤፍ የሚባለው፣ ደግሞ አታብዛው። ቀዳዳዋን ከደፈንካት እሳቱ ባሩዱን እየበላ በቀስታ ነው የሚገባው፣ ዝቅ ብሎ ከተቀመጠ ግን ነበልባሉ በቀጥታ ዘሎ ይገባል፣ መዘግየቱ የሚቀንሰው በዚህ ነው። ባልጩቱ ስለት ይኑረው፣ በቆዳ ታስሮ ጥርቅም ብሎ ይያዝ፣ የሚመታውንም ብረት ከዘይት አድርቀው። እርጥበት ባለበት ቀን የሳህኗን ባሩድ በየጊዜው ደፍተህ ቀይር፣ ጥቁር ባሩድ ሲቃጠል የሚተወው ጥቀርሻ ውሃ ከአየር ይስባል፣ ሳህኗ ላይ ጭቃ ይሆንብሃል። ካልተኮሰ ደግሞ ቶሎ አታውርደው፣ አፈሙዙን ኢላማው ላይ እንደያዝክ ቢያንስ አንድ ደቂቃ ጠብቅ፣ ዘግይቶ የሚነሳ አለ።

መደንገጡን በተመለከተ፣ በባዶ ጠመንጃ ልመድ። ባልጩቱን አውጥተህ በልኩ የተቆረጠ እንጨት እሰርበትና ቤት ውስጥ ግድግዳ ላይ ባለች ነጥብ ላይ እያነጣጠርክ ቃታ ሳብ፣ መምቻው ከወደቀ በኋላ ነጥቧ ላይ እንደሆንክ አንድ ሁለት ብለህ ቁጠር። ጥይቱ እስኪወጣ ሳይሆን ከወጣም በኋላ እያነጣጠርክ መቆየት ነው ሥራው። ከዛ ራንጅ ላይ በርሜሉ ባዶ ሆኖ ሳህኗ ላይ ብቻ ባሩድ አድርገህ ተኩስ፣ ዓይንህ ቦግታውን ይለምደዋል። መነጽር ሳታደርግ ግን እንዳትሞክረው።

ጥይቱ ክብ እርሳስ ከሆነ የተጠቀለለበትን ጨርቅ መሬት ላይ ፈልገው፣ ከፊትህ ጥቂት እርምጃ ላይ ይወድቃል። ካሊበር 50 ላይ ብዙ ሰው የሚጀምረው በ0.490 ኢንች እርሳስና በ0.015 ኢንች ጨርቅ ነው። ጨርቁ ዙሪያውን ጠቆር ብሎ መሃሉ ደህና ከሆነ ጥሩ ነው፣ ከተቃጠለ ወይ ስስ ነው ወይ ቅባቱ አንሷል፣ የተቆረጠ ከመሰለ አፈሙዙ ወይም የበርሜሉ ቦይ ስለት አለው። ከማንኛውም አስተማሪ ይልቅ ያ የወደቀ ጨርቅ ይነግርሃል። የበርሜልህ ቦይ በ66 ኢንች አንዴ የሚዞር ከሆነ ለክብ እርሳስ የተሠራ ነው፣ በ48 ከሆነ ለሁለቱም መሃል ሰፋሪ ነው፣ ባሩዱን ቀነስ አድርገህ ጀምር።

ሲዝኑ ከኛ ገና ጋር ስለሚገጥም ጾም ላይ ሆኜ ማደን ይገባል ወይ ያልከውን የነፍስ አባትህን ጠይቅ፣ እኔ የምለው ሥጋው ፍሪዘር ውስጥ እስከ ታኅሣሥ 29 ምንም አይሆንም።

ጥያቄ (ከሚኒሶታ)

ጤና ይስጥልኝ። ባለቤቴ ከአደን ሲመለስ በርሜሉን መታጠቢያ ገንዳችን ውስጥ ያጥባል፣ ቤቱ የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል፣ እንግዳ ሊመጣ ሁሉ ይችላል። ለምን ነገ አታጥበውም ስለው ዛሬ ካልታጠበ ጠመንጃው ይበላሻል ይለኛል። እውነቱን ነው? ደግሞ አንዳንዴ እንደጎረሰ ጋራዥ ውስጥ ያሳድረዋል፣ ልጆች አሉን።

መልስ

እህቴ፣ በመጀመሪያው ላይ ባልሽ እውነቱን ነው፣ በሁለተኛው ላይ አንቺ።

ሽታው ድኝ ነው፣ ጥቁር ባሩድም ፓይሮዴክስ የሚባለው ምትኩም ድኝ አለባቸው። ጥቀርሻው እርጥበት ስቦ ብረቱን ይበላዋል፣ አንድ ሌሊት ይበቃዋል፣ የተበላ በርሜል ደግሞ የሚቀጥለው ዓመት ጥይት የሚስትበት በርሜል ነው። ስለዚህ ያንኑ ማታ ይጠብ፣ ግን ገንዳሽ ውስጥ መሆን የለበትም። አንድ ባልዲ የሞቀ ውሃ ከትንሽ የዕቃ ሳሙና ጋር፣ ውጭ ወይም ጋራዥ ውስጥ፣ ከዛ አድርቆ ዘይት መቀባት ነው። ብሪች ፕላጉንም ፈቶ ክሩን ቅባት ይቀባ፣ አለበለዚያ አንድ ቀን አልፈታ ይለውና ሌላ ታሪክ ትሰሚያለሽ። ሽታውን ጨርሰሽ ከጠላሽው ትሪፕል ሰቨን እንዲገዛ ንገሪው፣ ድኝ የለበትም፣ በውሃ ነው የሚታጠበው። ብላክሆርን 209 ግን በውሃ አይሆንም፣ የተራ ጠመንጃ ማጽጃ ነው የሚፈልገው።

እንደጎረሰ ማሳደሩን አዳኞች የሚያደርጉት አንድ ምክንያት አላቸው። በሚኒሶታ ብርድ ውሎ የቀዘቀዘ ጠመንጃ ሞቃት ቤት ሲገባ ላብ ያወጣል፣ ላቡ ባሩዱን ያረጥበዋል፣ በማግስቱ ቃታ ሲስብ ጭጭ ይላል ወይ ደካማ ሆኖ ጥይቱን ዝቅ ያደርገዋል። እና ፕራይመሩን አውጥቼ ብርድ ላይ ልተወው ይላሉ። ልጆች ላሉበት ቤት ግን ይሄ አይሠራም፣ ፕራይመር የሌለው ጠመንጃ ውስጡ ባሩድና ጥይት እስካለ ድረስ ባዶ አይደለም። ከጫካ ሳይወጣ፣ በሚፈቀድበት ቦታ፣ ደህና አፈር ላይ ይተኩሰው፣ ወይም ኢንላይን ከሆነ ብሪች ፕላጉን ፈቶ ጥይቱንና ባሩዱን በዘንጉ ገፍቶ ያውጣው፣ በጋዝ የሚያወጣ መሣሪያም ይሸጣል። ባዶውን ጠመንጃ ጋራዥ ውስጥ ቆልፎበት ቢያድር ላብ አያወጣም፣ ባሩዱንም በመጣበት ዕቃው፣ ከፕራይመሩ ለይቶ፣ ልጆች የማይደርሱበት ቦታ ይቆልፍበት። ጠዋት ደረቅ ፓች አውርዶ ፕራይመር ተኩሶ አዲስ ያጉርስ፣ አምስት ደቂቃ አይፈጅበትም፣ ጥይቱም በትክክል ትሄድለታለች።